የአጎራባች ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የኳንተም ፊዚክስ ጉባኤ እንዴት ይዘጋጃል? ከኮሚቴው ምርጫ እስከ ማግስቱ ኢሜይል

ተማሪዎች የሚያዘጋጁት የኳንተም ፊዚክስ ጉባኤ የሚከሽፈው ብዙውን ጊዜ ሰው ጠፍቶ አይደለም። አዳራሹ ይሞላል፤ ንግግሮቹም በሰዓታቸው ይደረጋሉ። ግን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመጡት አንድ ረድፍ ይዘው ይውላሉ። የቤተ ሙከራው ሰው የቲዎሪውን ንግግር ሳይገባው ያጨበጭባል፤ የቲዎሪው ሰው ደግሞ የቫኪዩም ቻምበር (አየሩ የተመጠጠ የሙከራ ዕቃ) ፎቶ ስክሪኑ ላይ ሲመጣ ስልኩን ያወጣል። ሲመሽ ሁሉም አብሮት ከመጣው ሰው ጋር እያወራ ይመለሳል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ይህን ለማስቀረት ነው። ከ3 ወይም ከ4 አጎራባች ዩኒቨርሲቲዎች የሚመጡ፣ ከ40 እስከ 80 የሚሆኑ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ጀማሪ ተመራማሪዎች ለሚገኙበት የአንድ ቀን ጉባኤ ነው። በየደረጃው ስትወስኑ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ይህ ነገር ከተለያየ ግቢ የመጡ ሁለት ሰዎችን ስለ ሥራቸው ያነጋግራል ወይስ አያነጋግርም? የማያነጋግር ከሆነ ጊዜና ገንዘብ አታጥፉበት።

ደረጃ 1፦ ኮሚቴውን ከየዩኒቨርሲቲው አውጡ (ከ6 ወር በፊት)

አስተናጋጁ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ኮሚቴ ካቋቋመ ሌሎቹ እንግዳ ሆነው ይመጣሉ፣ እንግዳ ሆነውም ይሄዳሉ። ስለዚህ፦

1. ከእያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ቢያንስ አንድ ተማሪ አስገቡ።
2. ኮሚቴው ውስጥ የቲዎሪም የሙከራም ሰው መኖሩን አረጋግጡ። የአንዱ ወገን ብቻ ከሆነ መርሐ ግብሩ ሳታውቁት ወደዚያ ያጋድላል።
3. ሥራውን በአራት ክፈሉት፦ መርሐ ግብር፣ ገንዘብ፣ አዳራሽና ቴክኒክ፣ ምዝገባና መልእክት። ለእያንዳንዱ አንድ ተጠያቂ ሰው ይኑር።
4. ፊርማ የሚሰጥ አንድ መምህር ፈልጉ። የሚፈለገው እንዲመራችሁ አይደለም፤ የተማሪ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ስም አዳራሽ ማስያዝም ውል መፈረምም ስለማይችል ነው።

በጉባኤው ወር የመመረቂያ ጽሑፉን የሚከላከል ሰው ቁልፍ ኃላፊነት አትስጡት። እሺ ይላል፤ ሲደርስ ግን አይችልም፤ ጥፋቱም የእሱ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ መጀመሪያ ቀን፣ ቀጥሎ አዳራሽ፣ ከዚያ ተጋባዥ ተናጋሪ

ብዙ ኮሚቴዎች በተቃራኒው ይሄዳሉ፦ ስመ ጥር ሰው ይጋብዛሉ፣ እሱ የሚመቸውን ቀን ይሰጣል፣ በዚያ ቀን ደግሞ አዳራሽ የለም ወይም ተማሪው ፈተና ላይ ነው።

ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የሁሉንም ዩኒቨርሲቲዎች የፈተና ሳምንት አንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። የአገሪቱ የፊዚክስ ማኅበር ዓመታዊ ስብሰባ ያለበትን ጊዜ፣ እንዲሁም የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር ጉባኤ የሚካሄድበትን የመጋቢት ወር ዝለሉ፤ ዘርፉ ውስጥ ያለ ብዙ ሰው ያኔ ጉዞ ላይ ነው። የሙከራ ቡድኖችንም ጠይቁ። ዳይሉሽን ሪፍሪጅሬተር (ናሙናን ወደ ፍጹም ዜሮ የተጠጋ ቅዝቃዜ የሚያደርስ ማሽን) ያለው ቡድን ማሽኑን ለማቀዝቀዝ አንድ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት መለኪያ ከጀመረ በኋላ ቀኑን ሙሉ ጥሎ መምጣት ይከብደዋል።

አዳራሹን በአካል ሄዳችሁ እዩ፤ ፎቶ አይበቃም። የምታዩት ይህን ነው፦

- ወንበሮቹ ይንቀሳቀሳሉ ወይስ መሬት ላይ ተሰክተዋል? ከሰዓት በኋላ ለሚደረገው ውይይት የሚንቀሳቀስ ወንበር ያስፈልጋችኋል።
- ጥቁር ወይም ነጭ ሰሌዳ አለ? ፕሮጀክተር ሲበላሽ የሚያድናችሁ እሱ ነው። የቲዎሪ ሰዎችም ጥያቄ የሚመልሱት እዚያ ላይ እየጻፉ ነው።
- ፖስተር የሚሰቀልበት ቦታ ከአዳራሹ ጋር የተያያዘ ነው? ሌላ ፎቅ ላይ ከሆነ ግማሹ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።
- በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመጣ ሰው መግቢያው፣ መድረኩና መጸዳጃ ቤቱ ይመቻል?
- ቀኑ ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሆነ በሩን የሚከፍተውና መብራት ሲጠፋ የሚጠራው ሰው ማን ነው? ስልኩን ያዙ።

አዳራሹ በድንገት ቢነጠቅባችሁ፦ ይህ ሲከሰት ከዜሮ እንዳትጀምሩ፣ ገና ሲጀመር ሁለተኛ ቀንና ሁለተኛ ግቢ ተስማምታችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ።

ደረጃ 3፦ ገንዘብ

የምትጠይቋቸው የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎችን፣ የድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶችን፣ የፊዚክስ ማኅበራትን ነው። ግቢያችሁ ውስጥ የኦፕቲካ ወይም የኤስፒአይኢ (ዓለም አቀፍ የኦፕቲክስ ማኅበራት ናቸው) የተማሪ ቅርንጫፍ ካለ እሱንም ጠይቁ። የመሣሪያ አምራች ድርጅቶችም ይረዳሉ፤ ግን ለድጋፋቸው ምላሽ ከፖስተሮቹ አጠገብ ጠረጴዛ ስጧቸው እንጂ ከሳይንሱ መርሐ ግብር ላይ የንግግር ሰዓት አትቁረሱላቸው።

"እንረዳችኋለን" የሚል የቃል ተስፋ በጀት ውስጥ አይገባም። በጽሑፍ እስኪመጣ ድረስ እንደሌለ ቁጠሩት። ገንዘቡ በየትኛው ቢሮ በኩል እንደሚገባና እንደሚወጣም ከመጠየቃችሁ በፊት እወቁ፤ ገብቶ ሊወጣ ያልቻለ ድጋፍ ብዙ ነው።

ገንዘብ ካነሰ በዚህ ቅደም ተከተል ቁረጡ፦ መጀመሪያ ቦርሳና ስጦታ፣ ቀጥሎ የሚታተም መጽሔት፣ ቀጥሎ ከሩቅ የሚመጣ ተናጋሪ። የጉዞ ድጋፍን፣ የፖስተር ሰሌዳንና የእረፍት ሰዓትን አትንኩ። ከየግቢው አንድ የጋራ አውቶቡስ መከራየት ከተቻለ ተከራዩ፤ ከኪሱ ከፍሎ ደረሰኝ አቅርቦ ለወራት የሚጠብቅ ተማሪ በሚቀጥለው ዓመት አይመጣም።

ደረጃ 4፦ ጥሪውና የምዝገባ ቅጹ (ከ4 ወር በፊት)

ቅጹ አጭር ይሁን፤ ግን ከስምና ከርእስ በላይ ይጠይቅ። እነዚህ መስኮች ግዴታ ናቸው፦

1. ንዑስ ዘርፍ፣ ከዝርዝር የሚመረጥ፦ ኳንተም ኦፕቲክስ፣ ቀዝቃዛ አተሞች፣ የታሰሩ አየኖች፣ ሱፐርኮንዳክቲንግ ሰርኪቶች፣ የኳንተም መረጃ ቲዎሪ፣ የጠጣር ቁስ ፊዚክስ፣ የኳንተም መሠረተ ሐሳቦች፣ ሌላ።
2. ዘዴ፦ ቲዎሪ፣ ሙከራ ወይም የኮምፒውተር ስሌት።
3. አብስትራክት (የሥራው አጭር መግለጫ)፣ ከ150 ቃል ያልበለጠ።
4. "ሥራዬ የሚመልሰው ጥያቄ፣ ከሌላ ንዑስ ዘርፍ ላለ ሰው በሁለት ዓረፍተ ነገር።"
5. "አሁን የቸገረኝ ነገር፣ ከሌላ ቡድን ብማር የምወደው።"
6. ፎቶ ስለመነሳት ፈቃድ፣ እንዲሁም በዕለቱ የሚያስፈልግ የተለየ ድጋፍ።

ከሁሉም ዋናው 5ኛው ነው። አንዱ "የሌዘሬ ፍሪኩዌንሲ ይንሸራተትብኛል" ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ግቢ ያለው ይህንኑ ችግር ዓምና ፈትቶት ይሆናል። ቅጹ ሲዘጋ እነዚህን መልሶች አትማችሁ ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸውና ማንን ከማን ጋር እንደምታገናኙ ከዚያ ላይ ምረጡ። ይህን ሥራ ለአንድ ሰው አትተዉት፤ ኮሚቴው ሙሉ ሆኖ ይቀመጥበት።

ማስጠንቀቂያ፣ ስላልታተመ ሥራ፦ በብዙ አገሮች ሕግ አንድ ግኝት የፓተንት ማመልከቻ ሳይገባለት በአደባባይ ከተነገረ የፓተንት መብቱ ሊጠፋ ይችላል። እያንዳንዱ አቅራቢ ከአማካሪው ጋር መነጋገሩን በቅጹ ላይ ያረጋግጥ። የአብስትራክት ስብስቡንም ለተሳታፊ ብቻ ላኩ፤ ኢንተርኔት ላይ አትለጥፉት። በአርካይቭ (ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት በነጻ በሚወጡበት ድረ ገጽ) ላይ ገና ያልወጣ ውጤት ያለው ሰው ስላይዱ ጥግ ላይ "ፎቶ አይነሣ" የሚል ምልክት ያድርግ፤ የመድረክ መሪውም ጮክ ብሎ ያስታውስ።

አመልካች ቢያንስ፦ የመጨረሻውን ቀን ደጋግሞ ማራዘም አያዋጣም፤ አንዴ ብቻ አራዝሙ። ጥቅል ኢሜይልን ሰው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለዋል። የኮሚቴው አባል በግቢው ያሉ የምርምር ቡድኖች ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ገብቶ ለ5 ደቂቃ ይናገር፣ ቅጹንም እዚያው ያስሞላ።

ደረጃ 5፦ መርሐ ግብሩን በጥያቄ አጣምሩት

ጠዋት ቲዎሪ፣ ከሰዓት ሙከራ ብሎ መክፈል የሚቀናው ስለሚቀል ነው። ውጤቱ ግን ግማሹ ሰው ግማሹን ቀን ኮሪደር ላይ መዋሉ ነው። ንግግሮችን በሚጋሩት ጥያቄ አጎራብቷቸው። የስሕተት ማረሚያ ኮድ የሚያጠና ተማሪ መጀመሪያ ይቅረብ፤ የሱፐርኮንዳክቲንግ ኪውቢት (የኳንተም መረጃ መሠረታዊ አሃድ) ኖይዝ፣ ማለትም ረብሻ፣ የሚለካ ተማሪ ይከተለው። የመጀመሪያው "ስሕተቶቹ አንዳቸው ከአንዳቸው ነጻ ናቸው ብለን እንነሣ" ሲል፣ ሁለተኛው በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ነጻ ያልሆኑባቸውን መለኪያዎች ያሳያል። ከዚያ በኋላ ውይይቱን ማንም መቀስቀስ አያስፈልገውም። የቀዝቃዛ አተሞች ሲሙሌሽን የሚሠራውንም የቴንሰር ኔትወርክ ስሌት (ብዙ ክፍል ያላቸውን የኳንተም ሥርዓቶች አጭቆ በኮምፒውተር የማስላት ዘዴ) ከሚሠራው አጠገብ አድርጉት፤ ሁለቱም አንድን ሞዴል በተለያየ መንገድ እያሳደዱ ሊሆን ይችላል።

የቀኑ አካሄድ በግምት ይህን ይምሰል፦

1. መክፈቻ ትምህርት፣ 45 ደቂቃ። የምርምር ውጤት አይቀርብበትም፤ ሁሉም የሚጋራውን መሠረት የሚያስጨብጥ ይሁን። "አንድ የኳንተም ሥርዓት ከአካባቢው ጋር ሲነካካ ምን ይሆናል?" የሚለው ርእስ ለሁሉም ንዑስ ዘርፍ ይሠራል። በሰሌዳ ላይ ቢሆን ይመረጣል።
2. ንግግሮች፣ 12 ደቂቃ ንግግርና 5 ደቂቃ ጥያቄ። ከሦስት በላይ አታከታትሉ።
3. እረፍት፣ 30 ደቂቃ። 15 ደቂቃ ተሰልፎ ለመመለስ እንጂ ለመነጋገር አይበቃም።
4. ፖስተር፣ 90 ደቂቃ፣ ከምሳ በኋላ ወዲያው። የቀኑ መጨረሻ ላይ ካደረጋችሁት አውቶቡስ የሚጠብቀው ሁሉ ይወጣል።
5. የጠረጴዛ ውይይት፣ 60 ደቂቃ።
6. የቤተ ሙከራ ጉብኝት፣ ካለ።

ትይዩ መድረኮች አታድርጉ። ሰዓት ከጠበበ ንግግሮችን ቀንሳችሁ ወደ ፖስተር አሸጋግሩ። ፖስተር የተሰጠው ሰው እንደተናቀ እንዳይሰማው ደግሞ እያንዳንዱ ፖስተር አቅራቢ ከምሳ በፊት መድረክ ላይ ወጥቶ በአንድ ስላይድ ለ1 ደቂቃ ሥራውን ያስተዋውቅ።

ደረጃ 6፦ አንድ ገጽ የጋራ ስምምነት ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚሠራ ኮሚቴ ጥቂት ነው፤ እኔ ግን ከማንኛውም የታተመ ወረቀት አስቀድመዋለሁ። የኳንተም ሰዎች አንድ ምልክት ይጠቀሙና የተለያየ ነገር ማለታቸው ይሆናል። አንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ለሁሉም አቅራቢ ቀድማችሁ ላኩ፣ አትማችሁም ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ቢያንስ እነዚህን ይያዝ፦

- ፍሪኩዌንሲ፦ ቁጥሩ በኸርዝ ነው ወይስ በራዲያን በሰከንድ? ልዩነቱ 2 ፓይ ነው፤ ማለትም ከ6 እጥፍ በላይ። ስላይድ ላይ ይጻፍ።
- የመክሰም ፍጥነት፦ ጋማ ወይም ካፓ ሲባል የኃይል ነው ወይስ የአምፕሊቲዩድ? በመካከላቸው የ2 እጥፍ ልዩነት አለ።
- ፊደሊቲ (የተገኘው የኳንተም ሁኔታ ከታለመው ጋር ምን ያህል እንደሚቀራረብ የሚያሳይ ቁጥር)፦ አንዱ ቡድን ስኩዌር ያደርገዋል፣ ሌላው አያደርገውም። ስኩዌር ሳይደረግ 0.98 የሆነው ሲደረግ 0.96 ይሆናል። ሁለት ተማሪዎች ውጤታቸውን አወዳድረው "የእናንተ ያንሳል" ከመባባላቸው በፊት በየትኛው እንደሚለኩ ይናገሩ።
- ቲ1 እና ቲ2 (ኪውቢት ኃይሉን የሚያጣበትና የፌዝ ቅንጅቱን የሚያጣበት ጊዜ)፦ ቲ2 ከቲ1 ሁለት እጥፍ አይበልጥም። በኤኮ የተለካውን ቲ2 እና ያለ ኤኮ የተለካውን፣ ባለ ኮከቡን፣ ለይተው ይጻፉ።
- ፍሪኩዌንሲና ሙቀት፦ 5 ጊጋኸርዝ ወደ ሙቀት ሲለወጥ 240 ሚሊኬልቪን ገደማ ነው። የሱፐርኮንዳክቲንግ ኪውቢት ሰዎች ለምን ወደ 10 እና 20 ሚሊኬልቪን እንደሚወርዱ የቲዎሪው ተማሪ ከዚህ መስመር ይረዳል።
- ኤች ባርን (የፕላንክን ቋሚ ቁጥር ለ2 ፓይ ተካፍሎ) 1 የሚያደርግ ሰው ይህን በመጀመሪያው ስላይድ ላይ ይናገር።

ደረጃ 7፦ አቅራቢዎችን አዘጋጁ (ከ3 ሳምንት በፊት)

ለንግግር አቅራቢዎች ይህን ላኩላቸው፦

1. የመጀመሪያዎቹ 3 ደቂቃዎች ከሌላ ንዑስ ዘርፍ ለመጣ ሰው ናቸው። ሀሚልቶኒያን (የሥርዓቱን ኃይል የሚገልጸው ቀመር) በሁለተኛው ስላይድ ላይ አይውጣ።
2. በአንድ ስላይድ ከአንድ በላይ ቀመር አይኑር፤ እያንዳንዱ ምልክት በቃል ይነገር።
3. ግራፍ ሲወጣ መጀመሪያ አግድሙና ቁመቱ ምን እንደሆነ ይነገር፣ ቀጥሎ ውጤቱ።
4. መስመሮችን በቀይና በአረንጓዴ ብቻ አትለዩ፤ ቀለም መለየት የሚያስቸግረው ሰው አዳራሹ ውስጥ መኖሩ አይቀርም።
5. ስላይዱ በፒዲኤፍ ይላክ። ቪዲዮ ካለ ፒዲኤፉ ውስጥ ላይሠራ ስለሚችል ለብቻው ይላክ።

ለፖስተር መጠኑን ብቻ ሳይሆን አቅጣጫውንም ጻፉ፦ ኤ ዜሮ፣ 841 በ1189 ሚሊሜትር፣ ቁሙን። ሰሌዳችሁን ለኩት እንጂ አትገምቱ። ወርዱ ከጠበበ አግድም የታተመ ፖስተር ጠርዙ አጠገቡ ያለውን ይሸፍናል።

እያንዳንዱ አቅራቢ ከቡድኑ ውጭ ለሆነ አንድ ሰው ልምምድ ያድርግ። የቡድን ጓደኛ የማይገባውን ነገር አይነግራችሁም፤ እሱ ገብቶታልና።

ደረጃ 8፦ የቤተ ሙከራ ጉብኝት

ተማሪው የሚናፍቀው ክፍል ይህ ነው፤ አደጋ ያለውም እዚሁ ነው። ያለ ቤተ ሙከራው ኃላፊና ያለ ደኅንነት ተቆጣጣሪው የጽሑፍ ፈቃድ አትጀምሩ።

- ሌዘር፦ በአደጋ ደረጃቸው ክፍል 3ቢ እና ክፍል 4 (ዓይን የሚጎዱት) የሆኑት በጉብኝቱ ሰዓት ይጥፉ ወይም ሙሉ በሙሉ ይከደኑ። መነጽር ሰጥቶ ማስገባት አይበቃም፤ መነጽር የሚሠራው ለተወሰነ የሞገድ ርዝመት ነው፤ ከሌዘሩ ጋር የማይገጥም መነጽር ዓይን አያድንም።
- ቀዝቃዛ ፈሳሾች፦ ፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ነው። 1 ሊትሩ ተንኖ 700 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሆናል፤ በጠባብ ክፍል ውስጥ ኦክስጅንን ያስወጣል። የኦክስጅን መለኪያው ሲጮኽ ምንም ሳይጠየቅ ሁሉም ይውጣ።
- ማግኔት፦ የልብ ምት መቆጣጠሪያ የተገጠመለት ሰው ጠንካራ ማግኔት ወዳለበት አይግባ። ይህን በሩ ላይ በሰው ፊት አትጠይቁ፤ በምዝገባ ቅጹ ላይ አስቀድማችሁ አሳውቁ።
- ቁጥር፦ በአንድ ዙር ከ6 እስከ 8 ሰው። ጫማ የተሸፈነ ይሁን፤ የኦፕቲክስ ጠረጴዛ ላይ ማንም አይደገፍ። አንዲት መስታወት በትንሹ ከዞረች የሳምንታት ሥራ ይበላሻል።

ፈቃድ ከተከለከለ፦ አትለማመጡ። ቡድኑ ከሥራ የወጣ ቺፕ ወይም አሮጌ የቫኪዩም ክፍል ወደ ፖስተሩ ቦታ ያምጣና ያስጎብኝ፤ በእጅ የሚገለበጥ ነገር ብዙ ጥያቄ ያስነሣል።

ደረጃ 9፦ ዕለቱ

አዳራሹ ከመክፈቻው 90 ደቂቃ ቀድሞ ይከፈት። ሁሉንም ስላይድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ጫኑና የእያንዳንዱን የመጀመሪያና የመጨረሻ ገጽ ክፈቱ። የኤችዲኤምአይና የዩኤስቢ ሲ ማገናኛ፣ መለዋወጫ ማይክ ባትሪ፣ የሰሌዳ መጻፊያ፣ ማጣበቂያ አንድ ሣጥን ውስጥ ይሁኑ።

የደረት ባጅ ላይ ስም በትልቁ፣ ከሥሩ ንዑስ ዘርፍ፣ ዩኒቨርሲቲው በትንሹ ይጻፍ። ሰው መጀመሪያ የሚያነበው "የታሰሩ አየኖች" የሚለውን ከሆነ ወሬው ከዚያ ይጀምራል።

የመድረክ መሪው 5 ደቂቃና 1 ደቂቃ የሚሉ ካርዶች ይያዝ፤ ለእያንዳንዱ ንግግር አንድ ጥያቄ አስቀድሞ ያዘጋጅ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ የተማሪ ነው። አንድ ፕሮፌሰር ጥያቄውን ወደ ራሱ ንግግር ከቀየረው መሪው እንዲህ ይበል፦ "ፕሮፌሰር፣ ይህን በእረፍት ሰዓት ሰሌዳው ላይ ብንቀጥለው፤ አሁን ከኋላ ያለውን እጅ ላስተናግድ።" አክብሮትም አለው፣ ሰዓትም ያተርፋል። መሪው ይህን ለመናገር የሚፈራ ከሆነ ሌላ መሪ ምረጡ።

ፖስተሩን በሁለት ዙር ክፈሉት፦ መጀመሪያ 45 ደቂቃ ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ይቁሙ፣ ቀጥሎ ተጋማሽ ቁጥር ያላቸው። ካልሆነ ሁሉም የራሱን ፖስተር ሲጠብቅ ይውላል።

የጠረጴዛ ውይይት፦ በጠረጴዛ 6 ሰው፣ ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ከሁለት አይበልጡ። ምደባውን እናንተ አድርጉ፤ "የፈለጋችሁበት ተቀመጡ" ከተባለ የጠዋቱ ረድፍ ይመለሳል። ርእሱን ከቅጹ 5ኛ ጥያቄ ውሰዱ። ጠረጴዛው የሚያወጣው ሪፖርት አይደለም፤ አንድ ጥያቄና አብረው የሚከታተሉት የሁለት ሰዎች ስም ብቻ ነው።

ነገር ሲበላሽ፦

- ተናጋሪ ቀረ፦ አስቀድማችሁ ተጠባባቂ ያደረጋችሁትን ፖስተር አቅራቢ ወደ መድረክ ጥሩት።
- ፕሮጀክተር እምቢ አለ፦ ከ3 ደቂቃ በላይ አትታገሉት። ተናጋሪው በሰሌዳ ይጀምር፤ የቴክኒኩ ሰው ከጎን ይሥራ።
- ሰዓት አለፈ፦ ከእረፍት ላይ አትቁረጡ። ቀጣዩን ንግግር አሳጥሩ፣ ለተናጋሪውም ቀድማችሁ ንገሩት።
- ማንም ጥያቄ አልጠየቀም፦ መሪው ያዘጋጀውን ይጠይቅ፣ ከዚያ "አጠገባችሁ ካለው ሰው ጋር ለ1 ደቂቃ ተነጋገሩ" ይበል። ሲመለሱ እጅ ይነሣል።
- ሰው ቢያስቸግር ወይም ቢያዋርድ፦ ስማቸው ባጁ ጀርባ ላይ የተጻፈ፣ ከተለያየ ዩኒቨርሲቲ የሆኑ ሁለት ሰዎች አቤቱታውን ይቀበሉ። የሥነ ምግባር ደንቡ ጥሪው ላይ አብሮ የወጣ መሆን አለበት፤ በዕለቱ የሚጻፍ ደንብ አይሠራም።

ደረጃ 10፦ ከማግስቱ ጀምሮ

1. በ48 ሰዓት ውስጥ ለሁሉም ኢሜይል ላኩ፦ ምስጋና በአንድ መስመር፣ ከዚያ ከየጠረጴዛው የወጡት ጥያቄዎችና የባለቤቶቻቸው ስም። ኢሜይል አድራሻ የምታጋሩት ፈቃድ የሰጡትን ብቻ ነው።
2. ስላይድ የምታካፍሉት አቅራቢው በጽሑፍ እሺ ካለ ብቻ ነው።
3. የዳሰሳ ጥያቄው ሦስት ይሁን፦ ከማን ጋር አዲስ ተነጋገራችሁ? የትኛው ክፍል አልገባችሁም? በሚቀጥለው ምን ይቅር?
4. ሒሳቡን በ2 ሳምንት ዝጉ፤ ደረሰኞቹን ስካን አድርጉ።
5. ቀጣዩን አስተናጋጅ ዩኒቨርሲቲ ከጉባኤው ሳትበተኑ ምረጡ። ቅጹን፣ በጀቱን፣ የአዳራሽ ሰዎችን ስልክና የደረጃ 6ን ገጽ የያዘ አንድ ማኅደር አስረክቡት፤ ከነባሩ ኮሚቴ አንድ ሰው ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አብሮት ይሥራ።
6. ከአንድ ወር በኋላ ከየጠረጴዛው ለወጡት ጥንዶች እየደወላችሁ "ተገናኛችሁ?" በሉ። ካልተገናኙ ከጉዞ በጀቱ የተረፈችውን ለእነሱ አውሉና አንዱ የሌላውን ቡድን ለአንድ ቀን እንዲጎበኝ ቀኑን እናንተ ራሳችሁ ያዙላቸው።